ካስማ የሌለው አውታር

በእድሩ ሰፈር ሰው ሲያርፍ ከለቅሶው ቀጥሎ የሚሰማው የጥሩሰው መዶሻ ነው። ጭጋጉ ከጫካው ጫፍ ሳይለቅ፣ የቦንጋ ባጃጆች ገና ሳይነሡ፣ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ ከሟቹ ደጅ ይደርሳል። መጀመሪያ ተራዳውን ያቆማል። ቀጥሎ አውታሮቹን በየአቅጣጫው ይዘረጋል። በመጨረሻ ካስማዎቹን ይመታል። ካስማው እርጥቡ መሬት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ሰው ከወዲያኛው ክፍል በቀስታ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። ሥራው ሲያልቅ ባዶ የነበረው ደጅ ላይ ነጭ ቤት ይቆማል። ከቀናት በኋላ ደግሞ ቤቱ ይታጠፍና በጋሪ ይሄዳል፤ ከሣሩ መገርጣት በቀር እዚያ ነበር የሚያሰኝ ነገር አይቀርም።

ጥሩሰው ዕድሜውን ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ድንኳን ማለት ለእሱ ነፋስን እምቢ ማለት ነው። አውታር ሁሉ ይወጠራል፤ አውታር ሁሉ ካስማ አለው። አንዱ ከላላ ሸራው መማታት ይጀምራል፤ ሸራው ከተማታ ደግሞ የለቀስተኛው ልብ አያርፍም። ስለዚህ ገመድ እጁ ውስጥ በገባ ቁጥር ዓይኑ የሚያስርበትን ነገር ይፈልጋል። ቤቱ ውስጥ የእህል ከረጢትም ሆነ የጫማ ክር የሚያስረው እንደ አውታር ነው። ሚስቱ ቀጸላ የእሱን ቋጠሮ በጥርሷ መፍታት ከጀመረች ቆይታለች።

ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነፋስን እሺ የሚል ሸራ አይቷል። ወይም አየሁ ይላል።

በወጣትነቱ የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከካፋ ቡና ጭነው ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ጭነቱ እስከ አሰብ ወረደ። በረሃው መሃል ወባ ያዘው። ወደቡ አጠገብ መኪናው ተራ ሲጠብቅ ሾፌሩ ኃይለመስቀል ወደ ሻይ ቤት ሄደ፤ እሱ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተጋደመ። አንገቱን ቀና ሲያደርግ በሁለት ጎማዎች መሃል ባሕሩ ይታየዋል። የቦንጋ ልጅ ነው፤ እስከዚያ ቀን ያየው ውኃ ሁሉ ወዲያ ማዶ ነበረው። ይኼኛው ማዶ የለውም።

በዚያ በጎማዎቹ መስኮት አንዲት ጀልባ መጣች። ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ተሸክማለች። ነፋሱ ከቀኝ ይነፍሳል፤ አሸዋውን እያነሣ ፊቱ ላይ ይበትንበታል። ጀልባዋ ከባሕሩ ዳር ተነሥታ ሄደች፣ ሄደች፣ የጥፍር ያህል ሆነች። ከዚያ ሸራዋ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጥ ሰው ጎኑን ቀየረ። በዚያው ነፋስ፣ ነፋሱ ከዚያው ከቀኝ እየመጣ፣ ተመለሰች። ሞተር የላትም፤ የሚቀዝፍም የለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ቀኝ እጁን ጨብጦ፣ ከደረቱ ከፍ አድርጎ፣ ለጥሩሰው ሰላምታ ይሰጠዋል። ስትሄድም ስትመለስም እጁን አላወረደም።

ኃይለመስቀል መኪናውን መልሶ ሲያሽከረክር ይህን ነገር መንገዱን ሁሉ ሲሰማ መጣ። ቦንጋ ሲደርሱ ረዳቱን ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረደው። እዚያ የነበረችው ድሬሰር ቀጸላ ናት። ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ ትኩሳት የምትለካው ግን ቴርሞሜትሩ እስኪነግራት ሳትጠብቅ በመዳፏ ነበር። ግንባሩ ላይ እጇን ስታኖር ዓይኑን ገለጠና «ጀልባዋ ተመለሰች» አላት።

«ተመልሳለች፤ አንተም ተኛ» አለችው።

እንዲህ ተዋወቁ፤ እንዲህም ተጋቡ። ቀጸላ ለጎረቤት ስታወራ «ባሌን ከባሕር ነው ያወጣሁት» ትላለች። የጀልባዋን ነገር ግን አንድም ቀን አምናለት አታውቅም። ትኩሳት ሥራዋ ነበር። ትኩሳት ይዞት ከሞተች እናቱ ጋር የሚጫወት አይታለች፤ ጣሪያው ላይ በሬ ሲያርስ ያየ በሽተኛም ገጥሟታል። «የአንተ ጀልባ ከእነሱ ይልቅ የሚያምር ስለሆነ ነው እንጂ ወገኗ ከእነሱ ነው» ትለዋለች። «ነፋስ የገፋው ነገር ወደ ነፋስ አይመለስም። ደግሞስ ያ ሰውዬ፣ ባሕር መሃል ሆኖ፣ ከመኪና ሥር የተጋደመ ረዳት አይቶ ሰላም የሚለው በምን ዕዳው ነው? ሰላምታስ ቢሆን እጁን አያወርድም?»

 የእጁ ነገር ጥሩሰውንም ይከነክነዋል። ምስክር ሊሆንለት ይችል የነበረው ኃይለመስቀል ነበር። እሱም ቢሆን ሲጠየቅ «እኔ ሻይ ላይ ነበርኩ፤ ባሕሩን ጀርባዬን ሰጥቼው» ይል ነበር። ኃይለመስቀል ሲያርፍ ድንኳኑን የተከለለት ጥሩሰው ራሱ ነው። የመጨረሻውን ካስማ ሲመታ ያ በጎማዎቹ መሃል የታየው ባሕር ከዚህ በኋላ የእሱ ብቻ እንደሆነ ተሰማው።

ያስደነገጠው ነገር የመጣው ዘንድሮ ነው። ከአንድ ቀብር መልስ ድንኳን እያጠፈ ሳለ አንድ ጎረቤቱ እንደ ወትሮው ሊቀልድበት «ጋሽ ጥሩሰው፣ እውነት ግን በዚያው ነፋስ ተመለሰች?» ሲል ጠየቀው።

«ይመስለኛል» አለ ጥሩሰው።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰማው። እጁ ሸራው ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሁሉ «አዎ» ሲል ነው የኖረው፤ ሲስቁበትም አዎ፣ ሲያላግጡበትም አዎ። ይህ «ይመስለኛል» ከየት መጣ?

ቤት ሲገባ ለቀጸላ ነገራት።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «ሰው ሲሸመግል እንዲህ ነው። እኔም ያዋለድኳቸውን ልጆች እረሳለሁ።»

«አንቺ የረሳሽው አለ። የእኔ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረ እንደሆነስ? ቀጸላ፣ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። እሱ ቅዠት ከሆነ የቀረኝ ጭቃና ካስማ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺም የመጣሽው በዚያው ትኩሳት ውስጥ ነው» አላት። «ስለዚህ ለአንቺም እሰጋለሁ።»

ቀጸላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ባሏን ልብ ብላ አየችው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ያንኑ ሰሞን እድሩ አዲስ ድንኳን አስመጣ። ብረቱ እርስ በርሱ የሚሰካካ፣ አውታር የማይፈልግ፣ ጣሪያው ፕላስቲክ። አሮጌው ሸራ ዕቃ ቤት ጥግ ተጣለ። ነጭነቱ ከሄደ ቆይቷል፤ የዝናብና የጭስ ቀለም ይዟል። ጥሩሰው ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ተክለጻድቅ ሄዶ አሮጌውን እንዲሰጡት ለመናቸው።

«ምን ሊያደርግልህ?» አሉት ጋሽ ተክለጻድቅ።

«ጀልባ ላይ ልተክለው።»

ጋሽ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «አንተ፣ በዚህ ድንኳን ሥር ያልተለቀሰለት የሰፈራችን ሰው የለም። አሁን ደግሞ ውኃ ላይ ወጥቶ ላንተ ሊለቀስበት ነው?»

«አሳ ካለቀሰልኝ ያልቅስ።»

«ውሰደው እንግዲህ። ከሰጠምክ ግን በአዲሱ ነው የምንቀመጥልህ፤ አሮጌው እንዲመለስ አልጠብቅም።»

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውኃ አለ። ስም አልወጣለትም፤ ሰው «ውኃው» ብቻ ይለዋል። ዙሪያውን ጫካ ስለከበበው ጠዋት ጠዋት ዛፎቹ ከላይም ከታችም ይበቅላሉ፤ የትኛው ዛፍ የትኛው ጥላ እንደሆነ የሚለየው ነፋስ ሲነሣ ነው። በውኃው ላይ አሳ የሚያጠምደው ሙሌ ይባላል። ካፊቾ ነው፤ የማር ቆራጭ ልጅ። በወቅቱ ቀፎ ይሰቅላል፣ ወቅቱ ሲያልፍ መረብ ይጥላል። ጠፍጣፋ የጣውላ ጀልባ አለችው። ጥሩሰው ሸራውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሲመጣ ሙሌ መረብ ይጠግን ነበር።

«ማን ሞተ?» አለ ሙሌ ድንኳኑን አይቶ።

«ማንም። ጀልባህን አውሰኝ።»

ጥሩሰው ነገሩን ሲነግረው ሙሌ አልሳቀም። ራሱን ነቅንቆ በካፊኖኖ ለራሱ የሆነ ነገር አለና ወደ አማርኛ ተመለሰ። «እኔ፣ ጋሽ ጥሩሰው፣ ትመለሳለች አትመለስም አላውቅም። ማየት ግን እፈልጋለሁ። እዚህ ቦታ ከአሳ ሌላ አዲስ ነገር የለም፤ አሳውም አንድ ዓይነት ነው።»

ሥራው ተጀመረ። ለተራዳው የሙሌ አማት ከደካ በኩል ረጅም ቀርከሃ አመጡ። የመቀመጫውን ጣውላ በስተው ቀርከሃውን አቆሙት። ጥሩሰው ተራዳ ማቆም ያውቃል፤ አንዱን አውታር ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ ሁለቱን ወደ ጎንና ጎን ወጥሮ አሰረ። ቀርከሃውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አልተነቃነቀም። ምድር የሌለው ድንኳን ሲተክል የመጀመሪያው ነበር፤ እጁን ግን አልከበደውም።

ሸራውን ዘረጋው። መቀስ ሲያስገባበት ትንሽ ቆም አለ፤ በዚህ ጥግ የኃይለመስቀል ልጆች ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ቆረጠ። በትውስታው ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ከዓይኑ ወደ ጨርቁ አወረደው፤ ጠርዙን አጥፎ በጆንያ መስፊያ ሰፋው፤ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ሌላ ቀርከሃ አሰረበት።

ያን ቀርከሃ ከነሸራው ወደ ተራዳው ጫፍ የሚያወጣው ገመድ የሙሌ ሥራ ሆነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከባድ ቀፎ ቀረሮ ዛፍ ጫፍ ላይ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ተራዳው አናት ላይ በቢላዋ ጎድጓዳ መንገድ ቀረጸ፤ ጎድጓዳውን በንብ ሰም ቀባው፤ ገመዱንም በሰም አሸው። «ቀፎ ስትስብ» አለ እየሳበ፣ «ገመዱ ካጉረመረመ ንቡ ይሸሻል ይላል አባቴ።» ሸራው ያለ ድምፅ ወጣ። ከውኃው ዳር የማር ሽታ ሸተተ። ጥሩሰው ቀና ብሎ አየው፤ የእድሩ ድንኳን ከቅጠሎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ማር ማር ይሸታል። ሕልም ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሕልም አይመጣም ብሎ አሰበ።

አንድ ነገር ቀረ፤ የሸራው የታችኛው ጫፍ። ከዚያ ጫፍ ላይ ገመድ አሰረ። ወዲያው ዓይኑ የለመደውን ፈለገ። ጥሩ የወይራ ካስማ መርጦ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቸነከረና ገመዱን በዚያ ወጥሮ አሰረው። አሁን ሁሉም አውታር ካስማ አለው። ልቡ አረፈ።

የየካቲት ነፋስ ከሰዓት ላይ ተነሣ። ጥሩሰውና ሙሌ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ሸራው ሞላ፤ ጀልባዋም ሳትቀዘፍ መንሸራተት ጀመረች። ሙሌ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዳሩ ሲርቅ ያያል። ጥሩሰው ወደ ኋላ ዞሮ ውኃው ላይ የቀረውን ነጭ መስመር ይመለከታል። ማዶ ደረሱ። መመለስ ግን አልሆነም። አፍንጫዋን ቢያዞሯትም ጀልባዋ በጎኗ እየተንሸራተተች ቄጤማው ውስጥ ገባች። ሙሌ ቀዝፎ መለሳቸው።

«ሄደች» አላት ማታ ለቀጸላ።

«መሄድማ ቅጠልም ይሄዳል» አለች። «አንተ ያወራኸው ስለ መመለሷ ነው።»

እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሙሌ አንድ ሐሳብ ይዞ ጠበቀው። መረብ ሲስብ ነፋስ እንዳይገፋው መቅዘፊያውን ከጀልባዋ ጎን ወደ ውኃው ቀጥ አድርጎ እንደሚሰካ ነገረው፤ ያኔ ጀልባዋ ወደ ጎን መሄድ ትፈራለች። የአሮጌ በር ሳንቃ ፈልገው በጀልባዋ ጎን ወደ ውኃው አንጠለጠሉ። ጥሩሰው በዚያ ቀን ቀጸላን ይዞ መጥቶ ነበር። ጃንጥላዋን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ቀጸላ፣ አይወጡም?» አላት ሙሌ።

«እኔ የመጣሁት ከውኃ ላወጣው ነው» አለች። «ለመድኩት።»

ጥሩሰው ብቻውን ወጣ። አሁን ነፋሱን ከጀርባው አላደረገውም፤ ከቀኙ አደረገው፤ እንደዚያ ቀን። መቅዘፊያውን እንደ ጅራት ከኋላ ያዘ። ሸራው ሞላ። ሳንቃው ውኃውን ነከሰ። ጀልባዋም ወደ ጎን መሄዱን ትታ ቀጥ ብላ ወደፊት ሄደች። ከሥሩ ውኃው ይንሾካሾካል። የጫካው ጥላ ከጀልባዋ ሥር እየተሰነጠቀ ከኋላዋ መልሶ ይገጥማል። 

ነፋሱ በረታ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። ጥሩሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ድንኳን ሲያዘነብል የሚደረገው አንድ ነገር ነው። አውታሩን ይበልጥ አጠበቀው። ጀልባዋ ይበልጥ አዘነበለች። ይበልጥ አጠበቀ። ሸራው ነፋሱን መፍሰሻ ነሥቶት እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ከዚያ የውኃው ፊት ቀና ብሎ መጣና ጥሩሰውን ተቀበለው።

ራሱ ከውኃው ብቅ ሲል እግሩ መሬት አገኘ። ውኃው ደረቱ ድረስ ነው። ከዳር የቀጸላ ድምፅ «አለህ?» አለ።

«አለሁ።»

ዞሮ ጀልባዋን ፈለገ። ተገልብጣለች ብሎ ነበር። አልተገለበጠችም። የወይራው ካስማ ከጠርዙ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ገመዱ ከነካስማው ውኃው ላይ ተንሳፍፏል። ሸራውም እንደ ተሰጣ ልብስ በነፋሱ ላይ ቀስ ብሎ ይውለበለባል፤ ጀልባዋ ግማሽ ውኃ ጠጥታ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማለች። ነፋሱ አሁንም ያው ነው። እሱ ያጠበቀው አውታር ጣላት፤ የተነቀለው ካስማ አቆማት።

ጥሩሰው ውኃው ውስጥ ቆሞ ይህን ነገር አየው። አየውና ተንሳፋፊውን ገመድ አነሣ። ሳብ ሲያደርገው ሸራው ሞላ፤ ጀልባዋ እንደ ነቃ እንስሳ ተንቀሳቀሰች። ለቀቅ ሲያደርግላት ተንፍሳ ቆመች። ሳበ፤ ነቃች። ለቀቀ፤ አረፈች። በገመዱ ውስጥ ነፋሱ እጁን ያናግረዋል፤ መቼ እንደሚበረታ፣ መቼ እንደሚደክም፣ ቅጠሎቹ ሳያውቁ ለመዳፉ ይነግረዋል። ዕድሜውን ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር ተከራክሯል። እንዲህ ጨዋ መሆኑን ማን ነገረው?

«ጋሽ ጥሩሰው፣ ይውጡ እንጂ፤ ይበርድዎታል» አለ ሙሌ ከዳር።

 ጥሩሰው እጁን እያየ ነበር። ቀኝ እጁ ገመዱን ጨብጦ ከደረቱ ከፍ ብሏል፤ ውኃ እየተንጠባጠበበት፣ ተጨብጦ፣ አይወርድም። ሊያወርደው ቢል ሸራው ይላላል። በጎማዎቹ መሃል ያን ባሕር አየ፤ ያን ሰው አየ፤ ያን እጅ አየ።

«ሰላም አላለኝም» አለ።

«ማን?» አለ ሙሌ።

«ሰውዬው። ሰላም አላለኝም ነበር። ገመድ ይዞ ነው።»

ትንሽ ቅር አለው። ያንን ሰላምታ ይወደው ነበር፤ ማዶ ከሌለው ውኃ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ለእሱ ብቻ የላከለት አድርጎ ይዞት ኖሯል። ቅሬታው ግን ወዲያው በሌላ ነገር ተዋጠ። ትኩሳት ከየት አምጥቶ ነው ያንን እጅ የሚሥለው? ያ ከመኪና ሥር የተኛ ልጅ ሸራ በእጅ እንደሚያዝ አያውቅም። ያኔም ጭነት የሚያስር፣ አውታር ሁሉ ካስማ አለው የሚል ልጅ ነው። ቢቃዥ ኖሮ ሰውዬውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠው ነበር፤ ገመዱንም ካስማ ላይ ያስርለት ነበር። የማያውቀውን ነገር፣ ትርጉሙን እንኳ የሳተውን ነገር፣ ሊያይ የቻለው በእውነት ስለነበረ ነው።

ካስማውን ከገመዱ ፈታው። ቋጠሮው የራሱ ነውና አስቸገረው። ካስማውን ወደ ዳር ወረወረው፤ ቀጸላ እግር ሥር ወደቀ።

ከሙሌ ጋር ሆነው ጀልባዋን ከውኃ አራገፏት። ጥሩሰው ተመልሶ ወጣ። መቅዘፊያው በግራ እጁ፣ ገመዱ በቀኝ እጁ። ነፋሱን ከቀኙ አድርጎ ተነሣ። ነፋሱ ሲበረታ ለቀቅ ያደርግለታል፤ ሲደክም ሳብ ያደርገዋል። ጀልባዋ አዘንብላ ትቀናለች፣ አዘንብላ ትቀናለች፤ እስትንፋስ ያላት ነገር ትመስላለች። ቀጸላ ጃንጥላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተከተለችው። ባሏ አነሰ፤ ሸራው አነሰ፤ በዚያ ሥር ስንት ለቅሶ የተቀመጠችበት ድንኳን ከማዶው ጫካ ፊት አንድ የቅል አበባ አከለ።

ከዚያ ጥሩሰው መቅዘፊያውን ገፋ፣ ጎንበስ አለ፤ ሸራው ከራሱ በላይ አለፈና በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጥ ሰው ጎኑን ቀየረ።

ቀጸላ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። በፊት ሲነካት የነበረውን ጉንጯን ይነካታል፤ ከዚያው ነው፤ አልዞረም። ተነሥታ ቆመች። ጀልባዋ እየመጣች ነው። አበባው መሐረብ አከለ፣ መሐረቡ ድንኳን አከለ። ከኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ቀኝ እጁን ጨብጦ ከደረቱ ከፍ አድርጓል፤ አያወርደውም። ይህን ሰው ታውቀዋለች። ወጣት ሳለች፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ከአንድ የሚያቃጥል ግንባር ውስጥ ሲወጣ ሰምታዋለች፤ ከዚያም ወዲህ ዓመታቱን ሙሉ የለም ብላ ስታባርረው ኖራለች።

እጇ ሳታስበው ተነሣ። ሰላምታ ሰጠችው።

ሙሌ ውኃው ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ያዘ። ጥሩሰው ወረደና እርጥብ ልብሱን እየጎተተ ቀጸላ ፊት ቆመ።   ቀጸላ መዳፏን ግንባሩ ላይ አኖረች፤ ቴርሞሜትር እንደማትጠብቅበት ዘመን፣ ዓይኗን ትንሽ ጨፍና።

«ቀዝቃዛ ነህ» አለች።

ከዚያ የእሱን እርጥብ እጅ አንሥታ ወደ ራሷ ግንባር ወሰደችው። «እኔስ?»

ጥሩሰው መዳፉን አሳረፈ። መዳፉ ገመዱ የላጠው ቦታ ያቃጥለዋል፤ ግንባሯ ግን ለብ ያለ፣ የሰላም ጊዜ ግንባር ነው። «ምንም የለብሽም» አላት።

«እንግዲህ አይቻለሁ» አለች ቀጸላ።

ጃንጥላዋን አጥፋ ካስማው አጠገብ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች፤ ክሩን ጠዋት ያሰረላት እሱ ስለነበረ ሳይፈታ እየጎተተች ከእግሯ አወጣችው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አላት።

«አንተ ያንን መቅዘፊያ ያዝ፤ ገመዱን ለእኔ ስጠኝ» አለች የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ ወደ ውኃው እየገባች። «ዕድሜዬን ሙሉ ያንተን ቋጠሮ በጥርሴ ስፈታ ኖሬያለሁ። እስቲ አሁን ያልታሰረ ገመድ ልያዝ።»

ሙሌ ጀልባዋን አጥብቆ ይዞ እትዬ ቀጸላን ደገፈ። ጥሩሰው ከኋላ ተቀመጠና ገመዱን ሰጣት። ሸራው ሲሞላ እጇ ከደረቷ ከፍ አለ።